«ሚዮጋ የበላ ይረሳል»፦ ከአባባሉ ጀርባ ያለው ደቀ መዝሙር

ሚዮጋ እምቡጡ የሚበላ ተክል ነው፤ ጃፓን ውስጥ ነገር የሚረሳ ሰው «ሚዮጋ አብዝተህ በልተሃል» ይባላል። ዕቃውን ጥሎ ለሄደ ጎልማሳ ሲባል ቀልድ ነው፤ ትምህርት በከበደው ልጅ ላይ ሲወረወር ግን ያለቦታው ነው።

አባባሉ የሚያያዘው ከቡድሃ ቀደምት ደቀ መዛሙርት አንዱ ከነበረው ከቹላፓንታካ ጋር ነው፤ ጃፓኖች ሹሪ ሃንዶኩ ይሉታል። አንዲት ባለአራት ስንኝ ግጥም በ4 ወር መያዝ አቃተው፤ አዲሱን ስንኝ ሲይዝ የቀደመው ይጠፋበታል። ታላቅ ወንድሙ ማሃፓንታካ፣ እሱም መነኩሴ፣ ከገዳሙ እንዲወጣ ነገረው። ቡድሃ ግን ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ሰጠውና ወደ ምሥራቅ ዞሮ «እድፍ ማስወገድ» እያለ እንዲያሸው አዘዘው። ጨርቁ በእጁ አደፈ። ቹላፓንታካም ንጹሑ ነገር እንዴት እንደተለወጠ አይቶ አርሃት ሆነ፤ ከምኞት እስራት ተፈታ።

በጃፓን አተራረክ ጨርቁ መጥረጊያ ሆኗል። ሹሪ ሃንዶኩ የገዛ ስሙን ስለሚረሳ ስሙን ጽፎ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፤ ሲሞት መቃብሩ ላይ አንድ ተክል በቀለና «ስም ተሸካሚ» ለማለት ሚዮጋ ተባለ ይላሉ። የመቃብሩ ነገር ከሕንድ የመጣ አይመስለኝም፤ ሚዮጋ የምሥራቅ እስያ ተክል ነው። በ3ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ የቻይና ዜና መዋዕል ጃፓን ውስጥ እንደሚበቅል፣ ሰዎቹ ግን ጣዕሙን እንደማያውቁት ይናገራል።

እኔ መነሻውን ጓሮ ውስጥ እፈልገዋለሁ። ሚዮጋ የዝንጅብል ወገን ሲሆን ጥላና እርጥበት ይወዳል። በማርችና በኤፕሪል፣ 2 ወይም 3 ጉጥ ያለው የሥር ቁራጭ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይተከላል። ከላይ ወፍራም የገለባ ጉዝጓዝ ይለብሳል፤ አፈሩ ከደረቀ እምቡጥ አይሰጥም፣ ውሃ ካቆረ ደግሞ ሥሩ ይበሰብሳል። የሚበላው ከአፈር የሚወጣው እምቡጥ ነው። ፀሐይ ካገኘው አረንጓዴ ሆኖ ይጠነክራል፤ አበባው ከፈነዳ ደግሞ ውስጡ ይላላል፣ መዓዛውም ይቀንሳል። ስለዚህ ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ጉዝጓዙን ቶሎ ቶሎ እየገለጡ ማየት ያስፈልጋል። በ3 ወይም በ4 ዓመት ሥሩ ስለሚጨናነቅ ከፊሉ ተነቅሎ ይሳሳል፤ ከዚያ ውጭ በብርዱ ወራት ደርቆ በየዓመቱ ራሱ ይመለሳል።

እንዲህ ያለ ጥላማና እርጥብ ቦታ ደግሞ የቤተ መቅደስ ጀርባና የመቃብር ዳር ነው። መነኮሳት የሚተርኩትን የሰማ ገበሬ፣ ከመቃብሩ ጎን ማንም ሳይተክለው የሚመለሰውንና በገለባ ሥር ተሸሽጎ የሚረሳውን እምቡጥ አይቶ ሁለቱን አጋጠማቸው ብዬ አምናለሁ።

ሚዮጋ ማስታወስን እንደሚጎዳ የታየ ነገር የለም፤ ቀጭን ተከትፎ፣ ለጥቂት ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቆይቶ፣ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ) ላይ ወይም ቀዝቃዛ ኑድል ላይ ይበላል። ልጅን «ሚዮጋ በላህ» የሚል መምህር ግን ታሪኩን እስከ ጨርቁ ድረስ ቢያነብ መልካም ነው። ደካማውን ተማሪ ያባረረው ወንድሙ ነበር፤ ቡድሃ ያደረገው ለእጁ ሥራ መስጠት ነው።