ስለ እንግሊዙ ናይት ዊሊያም ማርሻል የሚወራው እና እውነታው

ናይት (በድሮ አውሮፓ ፈረስ ጋልቦ የሚዋጋ ባለማዕረግ ተዋጊ) ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ፊልም ላይ ያየውን ነው፣ ከላይ እስከ ታች ብረት የለበሰ፣ ወንድም እህት የሌለው ይመስል ብቻውን ጫካ ለጫካ የሚዞር። እስቲ አንድ በደንብ የሚታወቅ ሰው እንይ፣ ዊሊያም ማርሻል ይባላል፣ 1147 አካባቢ ተወልዶ 1219 ሞተ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ብዙውን ነገር የምናውቀው ከሞተ በኋላ ትልቁ ልጁ ባስጻፈለት ረጅም ግጥም ነው፣ ከ19 ሺህ ስንኝ በላይ ነው፣ ቤተሰብ ከፍሎ ያስጻፈው ስለሆነ ሙገሳው ትንሽ ይበዛል።

"ናይት ማለት የሀብታም ልጅ ነው"

አባቱ ጆን የንጉሡ ማርሻል (የፈረሶቹ ኃላፊ) ነበር፣ ደህና ሰው ነው ግን ከትልልቆቹ መኳንንት አይደለም፣ ዊሊያም ደግሞ አራተኛ ወንድ ልጁ ነው፣ ከፊቱ ሦስት ወንድሞች ስላሉ መሬት የሚባል ነገር አይደርሰውም። እንደውም 1152 ላይ ንጉሥ እስጢፋኖስ ኒውበሪ የሚባለውን ምሽግ ሲከብ አባትየው ትንሹን ዊሊያምን መያዣ አድርጎ ሰጠና ቃሉን አፈረሰ፣ ልጅህን እንሰቅለዋለን ሲባል "ከሱ የተሻለ ልጅ የምሠራበት መዶሻና መስፍ አለኝ" አለ ይባላል። ንጉሡ አንጀቱ አልችል ብሎ ነው ልጁ የተረፈው። ያሳደገው የእናቱ ወገን ነው፣ የእናቱ ዘመድ ኖርማንዲ ወስዶ ውጊያ አስተማረው፣ ከዛ የእናቱ ወንድም ፓትሪክ ተቀበለው፣ አጎትየው 1168 ሲገደል ዊሊያም ቆስሎ ተማረከ፣ ከፍላ ያስለቀቀችው የንጉሥ ሄንሪ ሚስት ንግሥት ኤሌኖር ናት።

"ለክብር እንጂ ለገንዘብ አይዋጉም"

ይሄኛው ያስቀኛል። የመጀመሪያ ውጊያው ላይ አሪፍ ተዋግቶ ፈረሱ ሞተበት፣ ምንም ሳይዘርፍ ባዶ እጁን ስለተመለሰ ራት ላይ ሰዎቹ ቀለዱበት፣ ፈረስ ለመግዛትም ካባውን ሸጠ። ትምህርቱን ወሰደ ማለት ነው። ከዛ በኋላ ኑሮው ቶርናመንት ሆነ፣ እሱም ቢሆን ፊልም ላይ እንደምናየው ሁለት ሰው በአጥር ግራና ቀኝ ሆኖ በጦር የሚገጣጠምበት አይደለም፣ በዛ ጊዜ ሁለት ትልልቅ ቡድኖች ሜዳና መንደር ሳይለዩ የሚተራመሱበት ነበር፣ የማረክኸው ሰው ፈረሱንና ትጥቁን ያስረክብሃል ወይ ይከፍልሃል። ዊሊያም ሮዤ ከሚባል ባልደረባው ጋር ሼር ገብቶ በአስር ወር 103 ናይት ማረኩ፣ ሒሳቡን የሚመዘግብ ጸሐፊ ሁሉ ነበር። ቢዝነስ ነው በቃ።

"ብረቱ ከብዷቸው ፈረስ ላይ የሚሰቀሉት በማንሻ ነው" የሚባለው ውሸት ነው። በዊሊያም ዘመን ሙሉ የብረት ሳህን ልብስ ገና አልመጣም፣ የሚለብሱት ከትንንሽ የብረት ቀለበት የተያያዘ ሸሚዝ ነው፣ ከባድ ነው ግን ይሮጡበታል።

"በፍቅር ነው የሚያገቡት"

1189 ላይ ዊሊያም አንበሳ ልብ የሚባለውን ሪቻርድን ከፈረሱ ጣለው፣ አባትየው ንጉሥ ሄንሪ ሲሸሹ ልጅየው ሲያሳድዳቸው ነው፣ ዊሊያም ሰውየውን ትቶ ፈረሱን ገደለበት። ትንሽ ቆይቶ ሪቻርድ ራሱ ነገሠ፣ ቂም ይይዝበታል ሲባል ይባስ ብሎ ኢዛቤል ደ ክሌርን ዳረለት። እሱ ከ40 አልፏል፣ እሷ 17 አካባቢ ናት፣ ፈቃዷን የጠየቀ ያለም አይመስልም። አባቷ የእንግሊዝ ጌታ፣ የእናቷ አባት ደግሞ የአየርላንዱ ሌንስተር ንጉሥ ስለነበር ከሷ ጋር ሰፊ መሬት መጣለት። ያ መሬት የለሽ አራተኛ ልጅ በአንድ ሰርግ ከሀገሪቱ ባለጸጎች አንዱ ሆነ ማለት ነው፣ ለኔ ከሁሉም ውጊያው ይሄ ይበልጣል።

ደግሞ "ሴቶቹ ጥልፍ ይጠልፉ ነበር" የሚሉ አሉ። 1207 ላይ የሪቻርድ ወንድም ንጉሥ ጆን ዊሊያምን ከአየርላንድ ሲጠራው ኢዛቤል እርጉዝ ነበረች፣ ዊሊያም ባላባቶቹን እዛው አየርላንድ ኪልኬኒ ሰብስቦ እጇን ይዞ ነው የገባው፣ ጌታችሁ የነበረው ሰው ልጅ ይቺ ናት፣ እኔ በሷ በኩል ካልሆነ እዚህ ምንም የለኝም አላቸው። ከሄደ በኋላ ጠላቶቹ መሬቱን ወረሩ፣ ንጉሡም ሰዎችህ አልቀዋል ብሎ ዋሸው፣ በኋላ ወሬው ሲደርስ ግን ያሸነፉት የኢዛቤል ወገኖች ነበሩ።

"ያኔ 40 ዓመት ሽምግልና ነው"

አማካዩን ዝቅ የሚያደርገው በብዛት የሕፃናት ሞት ነው። ንጉሥ ጆን 1216 ሲሞት ልጁ ሄንሪ 9 ዓመቱ ነበር፣ እንደራሴ የሆነለት 70 የተጠጋው ዊሊያም ነው። 1217 ሊንከን በምትባል የእንግሊዝ ከተማ በተደረገው ውጊያ ላይ ራሱ ፊት ሆኖ ሲጋልብ የራስ ቁሩን ሳያደርግ ሊሄድ ሲል አስታወሱት። ሊሞት ሲል ደግሞ ዘፈን አማረኝ አለ፣ ሴቶች ልጆቹ ዘፈኑለት፣ ትንሿ ጆአን አፍራ ድምፅዋን ስትውጥ እንዲህ አድርገሽ ዝፈኚ እያለ አሳያት።

የመጨረሻው "ወንድ ልጅ ካለ ዘር አይጠፋም" ነው። አምስት ወንድና አምስት ሴት ወለደ፣ አምስቱም ወንዶች በየተራ ማዕረጉን ይዘው ሕጋዊ ልጅ ሳይተኩ 1245 ላይ አለቁ። መሬት ተወስዶበት የነበረ የአየርላንድ ጳጳስ እርግማን ነው ይባላል፣ ግን ከልጆቹ አንዱ ሪቻርድ (ንጉሡ አይደለም) በውጊያ ቁስል ነው የሞተው፣ ጊልበርት ደግሞ አባቱን ባበለጸገው በዛው ቶርናመንት ላይ በፈረስ አደጋ። ርስቱ ለአምስቱ ሴቶችና ለልጆቻቸው ተከፋፈለ፣ ከአየርላንዱ መሬት ካርሎ ለሞድ፣ ዌክስፎርድ ለጆአን ወገን፣ ኪልኬኒ በእናቷ ስም ለምትጠራው ልጁ ለኢዛቤል ልጆች እያለ ሄደ፣ በዚችው በትንሿ ኢዛቤል መስመር ከተወለዱት አንዱ ደግሞ እንግሊዞችን ባኖክበርን ላይ የደቆሳቸው የስኮትላንዱ ንጉሥ ሮበርት ብሩስ ነው።