ቅባት በማዕድ፣ ስብ በገላ

በግ ታርዶ ሲበለት ከዚያው ከአንዱ እንስሳ የሚወጣው ስብ ብዙ ስም አለው። ከሥጋው ጋር ተያይዞ የሚወጣው ጮማ ነው፤ ጨጓራውንና አንጀቱን እንደ ስስ መጋረጃ የሸፈነው ሞራ ነው፤ ከኋላ የተንጠለጠለው ላት፣ በአጥንቱ ውስጥ ያለው ደግሞ መቅኔ ይባላል። ከወተት ተንጦ ሲወጣ ቅቤ፣ ከቅባት እህል ተጨምቆ ሲወጣ ዘይት ነው። የሚበላው በጥቅሉ ቅባት ይባላል፤ ገላ ላይ ሲጠራቀም ስብ፣ ሆድ ላይ ገፍቶ ሲወጣ ቦርጭ ይሆናል። ይህ ዳሰሳ የሚበላውን ቅባትና ሰውነት የሚያኖረውን ስብ ለያይቶ ይመለከታል፤ ሁለቱን እንደ አንድ ነገር የመቁጠር ልማድ ስለ ምግብ የሚነገሩ ብዙ ስሕተቶችን ወልዷልና። በስም ብቻ የተዛመደም አለ፦ የዓይን ሞራ የሚባለው ሕመም ከስብ ጋር ግንኙነት የለውም፤ የዓይን ሌንስ ፕሮቲን ተጓጉሎ ብርሃን ሲጋርድ የሚከሰት ነው።

የቅባት ምንነት

የስብን ኬሚስትሪ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥርዓት ያጠናው ፈረንሳዊው ሚሼል ኤዠን ሸቭረል ነው። ሳሙና ሲሠራ ስብ ምን እንደሚሆን ከመመርመር ተነሥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1823 ባሳተመው ጥናት ስብ ግሊሰሮልና ፋቲ አሲድ ከሚባሉ ክፍሎች የተገነባ መሆኑን አስረዳ። ዛሬ ትራይግሊሰራይድ የምንለው፣ በምግብም ሆነ በሰውነት ውስጥ ከሚገኘው ስብ እጅግ የሚበዛው ክፍል፣ በአንድ ግሊሰሮል ላይ ሦስት ፋቲ አሲዶች የተያያዙበት ነው።

ፋቲ አሲድ የካርቦን ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ሊይዝ የሚችለውን ሃይድሮጅን ሁሉ ከያዘ ሳቹሬትድ፣ ማለትም የጠገበ ይባላል፤ ቀጥ ያለ ስለሆነ ከመሰሉ ጋር ጎን ለጎን ተደርድሮ በቀላሉ ይረጋል። ድርብ ትስስር ያለበት ሰንሰለት ግን በዚያ ቦታ ላይ ይጎብጣል፤ የጎበጡ ሰንሰለቶች ተጠጋግተው መደርደር ስለማይችሉ ፈሳሽ ሆነው ይቀራሉ። በደጋ ማለዳ ቅቤው ማንኪያ የማያስገባ ሆኖ ሲያድር ከጎኑ የተቀመጠው የኑግ ዘይት ግን እንደ ልብ የሚቀዳው በዚህ ምክንያት ነው። ይኸው ድርብ ትስስር ድክመትም አለው፤ አየርና ብርሃን በቀላሉ ስለሚያጠቁት እንደ ኑግና ተልባ ያሉ ዘይቶች ከቅቤ ይልቅ ቶሎ ይሻግታሉ።

አንድ ግራም ቅባት 9 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፤ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ወይም ፕሮቲን የሚሰጠው 4 ነው። ስለዚህ 14 ግራም ገደማ የሚይዝ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሲኖረው፣ ያንኑ ከስኳር ለማግኘት 30 ግራም ያስፈልጋል። በትምህርት ቤት ምግብን «ኃይል ሰጪ፣ ሰውነት ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ» ብለን ስንከፍል ቅባት በመጀመሪያው ረድፍ የተመደበው በዚህ ነው። ምደባው ለሕፃናት ይመቻል፤ ሆኖም የነገሩን ግማሽ ብቻ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1929 ጆርጅ እና ሚልድረድ በር የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት ከቅባት ፍጹም የጸዳ ምግብ የተሰጣቸው አይጦች ካሎሪ ሳይጎድላቸው እድገታቸው እንደሚቆምና ቆዳቸው እንደሚቀረፍ አሳዩ። የጎደላቸው ኃይል ሳይሆን ሰውነት ራሱ ሊሠራው የማይችለው ፋቲ አሲድ ነበር። ለሰው ልጅ እንዲህ ያሉት አስፈላጊ ፋቲ አሲዶች ሁለት ናቸው፦ ከኦሜጋ 6 ወገን ሊኖሌክ አሲድ፣ ከኦሜጋ 3 ወገን አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ። የእያንዳንዱ ሕዋስ ሽፋን፣ የነርቭ ልባስና በርካታ ሆርሞኖች ከቅባት ወይም ከቅባት ዘመዶች የተሠሩ በመሆናቸው፣ ቅባት ከገንቢዎቹም ተርታ መቆም ይገባዋል።

ከተዋጠ በኋላ

ቅባትና ውሃ አይዋሐዱም፤ የምግብ መፈጨት ሥርዓትም ዋና ችግሩ ይህ ነው። ጉበት የሚሠራውና በሐሞት ከረጢት የሚጠራቀመው ሐሞት ወደ ትንሹ አንጀት ፈስሶ ቅባቱን ጥቃቅን ጠብታ አድርጎ ይበትነዋል፤ ሳሙና በቅባት በተለወሰ ድስት ላይ ከሚሠራው የተለየ አይደለም። ከዚያ ከቆሽት የሚመጣው ላይፔዝ የተባለ ኢንዛይም ጠብታዎቹን ይቆርጣል። የአንጀት ሕዋሳት ቁርጥራጩን ከሳቡ በኋላ መልሰው ይገጣጥሙትና በፕሮቲን ልባስ ጠቅልለው፣ እንደ ስኳር በቀጥታ ወደ ጉበት ሳይሆን፣ በሊምፍ ቧንቧ በኩል አዙረው ወደ ደም ይልኩታል።

ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ የተባሉት ቫይታሚኖች በቅባት የሚሟሙ ስለሆኑ የሚጓዙት በዚሁ ጥቅል ነው። ጎመን ወይም ካሮት ያለ ምንም ቅባት ተቀቅሎ ሲበላ ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጠው ቀለሙ በአብዛኛው ሳይጠቅም ያልፋል፤ ጥቂት ዘይት ሲጨመርበት ግን ወደ ሰውነት የሚገባው መጠን ይጨምራል።

ኮሌስትሮል ደግሞ ኃይል የማይሰጥ የቅባት ዘመድ ሲሆን፣ አብዛኛውን የሚሠራው ሰውነት ራሱ ነው። በደም ውስጥ ከሚያጓጉዙት ጥቅሎች መካከል ኤልዲኤል የሚባለው ሲበዛ በደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ እየገባ ይከማቻል፤ የልብ ድካምና የአንጎል ምት መነሻ ከሚሆኑት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ሳቹሬትድ ስብ ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል፤ በፈሳሽ ዘይት ሲተካ ደግሞ ይቀንሳል። በዘይት ጀሪካን ላይ «ከኮሌስትሮል ነፃ» የሚለውን ጽሑፍ አይቶ ዋጋ የሚጨምር ሸማች ግን ከእህል የተጨመቀ ዘይት ሁሉ ቀድሞውንም በተግባር ኮሌስትሮል እንደሌለው ሊያውቅ ይገባል። የሚጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ይረጋል ወይስ አይረጋም? ከዘንባባ ፍሬ የሚገኘው ፓልም ዘይት ከኮሌስትሮል ነፃ ቢሆንም ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ነው።

ስብ እንደ አካል ክፍል

የሰውነት ስብ ለረጅም ጊዜ እንደ ጎተራ ብቻ ሲታይ ቆይቷል። ጎተራነቱ እውነት ነው። በጉበትና በጡንቻ የሚቀመጠው የስኳር ክምችት ካልተሞላ አንድ ቀን ገደማ ሲያገለግል፣ ቀጭን የሚባል ሰው እንኳ ለሳምንታት የሚያቆየው ስብ ይዞ ይዞራል፤ አንድ ኪሎ የስብ ኅብረ ሕዋስ ወደ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። የመንዝ በግ ላቱን፣ ግመል ሻኛዋን የምትሸከመው ለዚሁ ነው፤ ሣርና ቅጠል በሚጠፋበት ወራት ከዚያ ይቀነሳል። የበሬ ሻኛ ግን ስብ የጣለበት ቢሆንም በዋናነት ጡንቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ በኒው ዮርክ ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን ሲያገኙ ግን ነገሩ ተለወጠ። ሌፕቲንን የሚያመነጩት የስብ ሕዋሳት ራሳቸው ናቸው፤ መልእክቱም ለአንጎል «ስንቅ አለ» የሚል ነው። ስቡ ሲመናመን ሌፕቲን ይወርዳል፣ ረኃብ ይበረታል፣ ሰውነት ኃይል መቆጠብ ይጀምራል፤ እጅግ የቀጠነች ሴት የወር አበባዋ የሚቋረጥበት አንዱ መንገድም ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ ስብ እንደ ታይሮይድ ሁሉ ሆርሞን አመንጪ አካል ሆኖ ይቆጠራል።

ስብ ሁሉ አንድ ዓይነትም አይደለም። ነጩ ስብ ኃይል ያስቀምጣል። ቡናማው ስብ ግን ኃይልን በቀጥታ ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ መንቀጥቀጥ የማያውቀው አራስ ልጅ ብርድን የሚቋቋመው በትከሻ አጥንቶቹ መካከልና በአንገቱ ዙሪያ ባለው ቡናማ ስብ ነው። በአዋቂዎችም ውስጥ እየሠራ እንደሚገኝ በማያሻማ ሁኔታ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

ለጤና ከመጠኑ ይልቅ ቦታው ይበልጥ የሚወስንበት ጊዜ ብዙ ነው። ከቆዳ ሥር በዳሌና በጭን ላይ የሚቀመጠው ስብ በአንጻሩ ሰላማዊ ነው፤ ሆድ ውስጥ በሞራውና በአንጀቱ ዙሪያ የሚከማቸው ግን ፋቲ አሲዱን በቀጥታ ወደ ጉበት እየለቀቀ ኢንሱሊን በአግባቡ እንዳይሠራ ያደርጋል፣ ለስኳር ሕመምና ለጉበት ስብ ያጋልጣል። ቦርጭ በአገራችን የድሎት ምልክት ተደርጎ የታየበት ዘመን ሩቅ አይደለም፤ እጅና እግሩ ቀጭን ሆኖ ሆዱ ብቻ የገፋ ሰው ሚዛን ላይ ወጥቶ «ደህና ነኝ» ሊል የሚችለውም በዚህ ነው። የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን መለኪያ ከሚዛን ይልቅ ሜትር ይጠይቃል፦ የወገብ ዙሪያ ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ መጠንቀቅ ይገባል።

ታዲያ ስቡ ከየት መጣ? ከቅባት ብቻ አይደለም። ከሚያስፈልገው በላይ የበላ ሰው ሰውነቱ ካርቦሃይድሬቱን ቀድሞ ያነድና ቅባቱን ወደ ጎተራው ያስገባል፤ ካርቦሃይድሬቱም ከልክ ሲያልፍ ጉበት ወደ ስብ ይለውጠዋል። ስለዚህ ጮማን የተወ፣ ነገር ግን በየቀኑ በስኳር የተሞላ ሻይና ለስላሳ የሚጠጣ ሰው ወገቡ ባይቀንስ የሚያስደንቅ ነገር የለውም።

በኢትዮጵያ ማዕድ

የኢትዮጵያ ወጥ ቤት ሁለት የቅባት ዓመቶች አሉት፤ የፍስክና የጾም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኝ በዓመት ወደ 180 ቀናት ስለሚጾም፣ በእነዚህ ቀናት ቅቤና ጮማ ይቀሩና ቦታውን የቅባት እህሎች ይይዛሉ።

ከእነዚህ ዋናው ኑግ ነው። መገኛው ኢትዮጵያ ሲሆን፣ በመስከረም ቢጫ አበባው መስኩን ይሸፍናል፤ ከዘይቱ ወደ 70 በመቶና ከዚያ በላይ የሚሆነው ሊኖሌክ አሲድ ነው። ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ ለከብት ይሰጣል። ተልባ በአንጻሩ ከግማሽ በላይ ዘይቱ አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ በመሆኑ፣ ዓሣ እምብዛም በማይበላበት አገር የኦሜጋ 3 ዋነኛ ምንጭ ሊሆን ይችላል፤ ሳይፈጭ ቢበላ ቅርፊቱ ስለማይበገር ሙሉውን ይወጣል፣ የእኛ ሰው ግን ድሮውንም ቆልቶና ወቅጦ ነው የሚበጠብጠው። ሱፍና ሰሊጥም አሉ። የጎመን ዘር ዘይቱ ኢሩሲክ አሲድ ስለሚበዛበት ለምግብነት ብዙ አይመከርም፤ ሆኖም ዘሩ ተደቁሶ ምጣድ ማሰሻ ሲሆን የሚተካከለው ጥቂት ነው።

የፍስኩ ንጉሥ ቅቤ ነው። ለጋ ቅቤ 80 በመቶ ገደማ ቅባት ሲሆን፣ የቀረው አብዛኛው ውሃ፣ ጥቂቱም የወተት ፕሮቲንና ስኳር ነው። ሲነጠር የሚሆነውን ቆሞ ማየት የኬሚስትሪ ትምህርት ነው። ድስቱ ውስጥ እንደቀለጠ መንጫጫት ይጀምራል፤ ድምፁ የሚተነው ውሃ ድምፅ ነው። ነጭ አረፋ ከላይ ይወጣል፣ ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ አብሹ፣ እርዱና በሶብላው ይጨመራል፤ ቅመሞቹ መዓዛቸውን ለቅቤው የሚሰጡት መዓዛው ራሱ በቅባት የሚሟሟ ስለሆነ ነው። ጩኸቱ እየቀነሰ ይሄድና ጸጥ ይላል፤ አረፋውም ወደ ታች ወርዶ ቡናማ ዝቃጭ ይሆናል፣ ከላይ ወርቅ የመሰለ ንጹሕ ቅባት ይቀራል። ጸጥታው የሚያበሥረው ውሃው ማለቁን ነው፤ ባክቴሪያ ያለ ውሃ መራባት ስለማይችል ንጥር ቅቤ ያለ ማቀዝቀዣ ለወራት ይቀመጣል። ከግማሽ በላይ ቅባቱ ሳቹሬትድ መሆኑ ግን በማንጠር አይለወጥም፤ ቅቤ ቫይታሚን ኤ ያለው ጥሩ ምግብ ነው፣ ዶሮ ወጡ ላይ ጣት ተኩል ሲንሳፈፍ ግን ስለ ቫይታሚን መናገር ትርጉም ያጣል።

ምን ያህል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች ከቀኑ ኃይል ከቅባት የሚገኘው ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ሳቹሬትዱ ከ10 በመቶ፣ ትራንስ ስቡ ከ1 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። ትራንስ ስብ በብዛት የመጣው ጀርመናዊው ቪልሄልም ኖርማን እ.ኤ.አ. በ1902 የባለቤትነት መብት ካስመዘገበበት፣ ፈሳሽ ዘይትን ሃይድሮጅን እየጨመሩ ከሚያረጉበት ዘዴ ነው። ኤልዲኤልን ከማሳደጉም በላይ ኤችዲኤል የሚባለውን ጠቃሚ የኮሌስትሮል ጥቅል ስለሚቀንስ ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2003 በሕግ ገደበችው፤ ሌሎችም ተከተሉ።

የአዋቂው ልክ ግን ለሕፃን አይሠራም። ከእናት ጡት ወተት ኃይል ግማሽ ያህሉ ከቅባት የሚመጣ ነው፤ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ቅባት መቀነስ ስሕተት ነው፤ ቀጭን አጥሚት ብቻ የሚሰጠው ሕፃን ሆዱ ሞልቶ ሊከሳ ይችላል፣ ጨጓራው ትንሽ፣ ፍላጎቱ ትልቅ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1996 በፈረንሳዮቹ አንድሬ ብሪያንና ሚሼል ሌስካን የተሠራው፣ የከፋ የምግብ እጥረት ማከሚያ የሆነው ፕላምፒ ነት በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ለውዝ፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቫይታሚንና ማዕድናት የተዋሐዱበት 92 ግራም ከረጢት 500 ኪሎ ካሎሪ ሲይዝ፣ የኃይሉ ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ከቅባት ነው። ለከፋ የምግብ እጥረት በቤት ውስጥ የሚሰጥ ሕክምና ቀድሞ ከተሞከረባቸው አገሮች አንዷ፣ እ.ኤ.አ. በ2000፣ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ዛሬ እዚሁ አገር ውስጥም ይመረታል።

በጤና ኬላ የልጁ የክንድ ዙሪያ በመለኪያው ጥብጣብ ተለክቶ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ሲሆንና ሌላ ሕመም ሳይኖርበት የምግብ ፍላጎቱ ደህና ሲሆን፣ እናቲቱ የሳምንቱን ከረጢቶች ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ከረጢቱን በጣቶቿ አሽታ ጫፉን ትቀድለታለች፣ ልጁም እንዳለ ይልሰዋል፤ ውሃ አይጨመርበትም፣ አይበስልም። ልክ እንደ ንጥሩ ቅቤ ሁሉ ባክቴሪያ የሚራባበት ውሃ ስለሌለው፣ ንጹሕ ውሃ በማይገኝበት ቤት እንኳ ሳይበላሽ ይቆያል።