ዝምታ መልስ አይደለም፦ የሕክምና ትምህርት ቤት ቅበላን ስለ መጠበቅ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከኦክቶበር አጋማሽ በኋላ ስልኬ አያርፍም። ደዋዮቹ ይለያያሉ፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው። «እስካሁን ዝም ካሉ አልፈለጉትም ማለት አይደለም ወይ?» እዚህ አሜሪካ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት የሚያመለክቱ ልጆችን ማማከር ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ጥያቄ ያልሰማሁበት ዓመት የለም። ከልጆቹ አፍ እሰማዋለሁ፤ ከወላጆች አፍ ደግሞ ይበልጥ እሰማዋለሁ።

ባለፈው ጃንዋሪ አንድ ወጣት ቢሮዬ መጣ። ግማሽ ሰዓት ስናወራ ስልኩን ዘጠኝ ጊዜ ከኪሱ አውጥቶ አየ፤ ቆጥሬያለሁ። ኢሜይል ቢመጣ ስልኩ ይነዝር ነበር፤ እርሱ ግን የሚከፍተው የትምህርት ቤቱን የአመልካቾች ገጽ ነው። ገጹ ላይ ያለው ቃል ከጠዋት ጀምሮ አልተለወጠም፦ «ማመልከቻዎ በመታየት ላይ ነው»። ይህ ልጅ በሦስት ትምህርት ቤቶች ቃለ መጠይቅ አድርጓል። እናቱ «ሁለት ወር ሙሉ ዝም ያለ ሰው ሐሳቡን ነግሮሃል» ብለውታል፤ እርሱም አምኗል። ወደ እኔ የመጣው ከክብር ጋር ለመውጣት ብሎ ማመልከቻውን ከሦስቱም ትምህርት ቤቶች እንዴት እንደሚስብ ሊጠይቀኝ ነው።

ይህን ስሰማ ተቆጣሁ። በልጁ አልነበረም። አንድ የተሳሳተ አባባል የአራት ዓመት ልፋትን በአንድ ከሰዓት ሊያስጥል መቃረቡ ነው ያበሳጨኝ።

«ዝም ካሉ አልፈለጉህም»

አሠራሩ ይህ ነው (ወራቱንና ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ኤምዲ የሚባለውን የሕክምና ዶክተርነት ዲግሪ የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ ማመልከቻ የሚቀበሉት ኤኤምካስ በሚባለው የጋራ ሥርዓት በኩል ነው። ማመልከቻው ከሜይ መጨረሻ ወይም ከጁን መጀመሪያ ጀምሮ ይገባል። የትምህርት ውጤቱ ኮርስ በኮርስ ይመሳከራል፤ ለትምህርት ቤቶቹ መድረስ የሚጀምረው ጁን መገባደጃ ላይ ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱን ተጨማሪ ጽሑፎች ይጠይቃል። ከዚያ ቃለ መጠይቅ ይመጣል፤ እርሱም በጋውን አልፎ እስከ ማርች ሊዘልቅ ይችላል። በመደበኛው መንገድ ያመለከተ ሰው «ተቀብለንሃል» ሊባል የሚችልበት የመጀመሪያው ቀን ኦክቶበር 15 ነው።

ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሰዎች ይህን ቀን መልስ የሚሰጥበት ቀን አድርገው ይይዙታል። ኦክቶበር 16 ሲነጋ ያልተጠራ ልጅ የወደቀ ይመስላቸዋል። ያ ቀን በሩ የሚከፈትበት እንጂ የሚዘጋበት አይደለም። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር መመሪያ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ ዓመት ክፍላቸውን የሚሞላ ያህል የቅበላ ጥሪ ማቅረብ ያለባቸው እስከ ማርች 15 ድረስ ነው ይላል። በሁለቱ ቀኖች መካከል ድፍን አምስት ወር አለ።

በእነዚያ አምስት ወራት ውስጥ ምን ይደረጋል? የቅበላ ኮሚቴው አባላት ሐኪሞችና መምህራን ናቸው። በሽተኛ አይተው፣ ክፍል ገብተው አስተምረው፣ ከዚያ በተረፋቸው ሰዓት ይሰበሰባሉ። ቃለ መጠይቅ ካደረጉት መካከል ጥቂቶቹ ወዲያው ይጠራሉ፤ ጥቂቶቹ ወዲያው ይሰናበታሉ። የቀሩት ፋይላቸው «ይቆይ፤ ከሚመጡት ጋር እናየዋለን» ተብሎ ይቀመጣል። ያ ክምር የተጣሉ ሰዎች ክምር አይደለም። ዲሴምበር ላይ ይነሳል፣ ፌብሩዋሪ ላይ እንደገና ይነሳል። እንደ ሃርቫርድ ያሉት ደግሞ የዓመቱ ቃለ መጠይቅ ሁሉ እስኪያልቅ ይጠብቁና ማርች መጀመሪያ ላይ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይመልሳሉ። እዚያ ሴፕቴምበር ላይ ቃለ መጠይቅ ያደረገ ልጅ ግማሽ ዓመት ያህል ምንም አይሰማም። ከዚያ ዝምታ ውስጥ ትርጉም ፈልጎ ማግኘት አይቻልም፤ ጎበዙም ደካማውም እኩል ዝም ተብለዋልና።

እውነቱን ሙሉ ለመናገር፣ ሁሉም ዝምታ አንድ ዓይነት አይደለም። ፌብሩዋሪ አልቆ ለቃለ መጠይቅ እንኳን ያልጠራ ትምህርት ቤት በዚያ ዓመት የመጥራቱ ዕድል ጠባብ ነው፤ ይህን ለተማሪዎቼ አልደብቅም። ከቃለ መጠይቅ በኋላ ያለው ዝምታ ግን ሌላ ነው። እነዚያ ሰዎች ከብዙ ሺህ ማመልከቻ መካከል ያንተን አንስተው ጊዜያቸውን ሰጥተውሃል። ኮሚቴው ስምህን ገና ከጠረጴዛው ላይ ሳያነሳ አንተ ራስህ ልታነሳው ነው ወይ? ልጁን ይህንኑ ጠየቅሁት። ማመልከቻውን ሳይስብ ወጣ።

ትንንሾቹ የተሳሳቱ አመለካከቶች

«ደጋግሞ መደወል ፍላጎትን ያሳያል።» አያሳይም። ስልኩን የምታነሳው ሠራተኛ ኮሚቴው ውስጥ ድምፅ የላትም።

«ገጹ ላይ ያለው ቃል ተለወጠ፤ ምልክት ነው።» ኮምፒውተሩ ቀን አድሷል። ውሳኔ ሲኖር በግልጽ ይነገርሃል።

«ጓደኛዬ ከእኔ ያነሰ የኤምካት ውጤት ይዞ ተጠራ።» ኤምካት የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ነው። ጓደኛህ የዚያ ግዛት ነዋሪ ሊሆን ይችላል። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ ለግዛታቸው ልጆች ያደላሉ። ከ472 እስከ 528 ባለው መለኪያ ላይ ሁለትና ሦስት ነጥብ ብቻውን ሰውን ከሰው አይለይም።

«ቃለ መጠይቁ ሞቅ ያለ ስለነበር አልፌያለሁ።» ወይም ደግሞ «ቀዝቃዛ ስለነበር ወድቄያለሁ።» በካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ ብዙ ትምህርት ቤቶች በወሰዱት ዘዴ አመልካቹ ከአንድ ጠያቂ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ በየቦታው የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። እያንዳንዱ ጠያቂ የራሱን ክፍል ብቻ ያያል። ፈገግ ያለልህ ሰው አጠቃላይ ውጤትህን አያውቅም፤ ፊቱን ያጠቆረብህም አያውቅም።

«ተጠባባቂ ማለት በጨዋ ቋንቋ እምቢ ማለት ነው»

አይደለም። የማይፈልጉትን ሰው የሚያሰናብቱበት ደብዳቤ አላቸው፤ ደግሞም አያፍሩበትም። ተጠባባቂ ዝርዝር የሚያዘው በስሌት ነው። አንድ ጠንካራ አመልካች አራት ቦታ ይጠራል፤ መቀመጥ የሚችለው ግን አንድ ወንበር ላይ ነው። ብዙ ጥሪ የያዙ ሰዎች እስከ ኤፕሪል 30 ድረስ አንዱን መርጠው ሌላውን እንዲለቁ ይጠበቅባቸዋል። ሦስቱ ወንበሮች ያን ጊዜ ባዶ ይሆናሉ። ትምህርት ቤቱ ከተጠባባቂዎቹ አንዱን ይጠራል፤ የተጠራው ደግሞ ሌላ ቦታ ይዞት የነበረውን ይለቃል፤ እዚያም ሌላ ሰው ይጠራል። ሜይና ጁን የዚህ ሰንሰለት ወራት ናቸው። ትምህርት ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት የተጠሩም አሉ። አንዲት ተማሪዬ ጁላይ ውስጥ ሐሙስ ዕለት ተደውሎላት ሰኞ ጠዋት ሌላ ከተማ መገኘት ነበረባት። የቤቷን ዕቃ ወንድሟ ከሳምንት በኋላ ጭኖ ወሰደላት።

ተጠባባቂ ከሆንክ የምታደርገው ይህ ነው። መጀመሪያ የትምህርት ቤቱን መመሪያ አንብብ። አንዳንዶቹ አዲስ መረጃ በደስታ ይቀበላሉ፤ አንዳንዶቹ ምንም አትላኩ ይላሉ። አትላኩ ካሉ አትላክ። ከተቀበሉ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ደብዳቤ ጻፍ፤ ማመልከቻው ከገባ በኋላ የሠራኸውን አዲስ ነገር ጥቀስ፤ ከልጅነትህ ጀምሮ ሐኪም ለመሆን እንደተመኘህ እንደገና አትንገራቸው። ሌላ ቦታ ከተጠራህ ደግሞ ያንን ወንበር ያዝ። «የምፈልገው ይደውልልኛል» ብሎ በእጁ ያለውን የለቀቀ ሰው ሁለቱንም አጥቶ አይቻለሁ።

«ያልተቀበሉት ለሐኪምነት ስለማይሆን ነው»

ይህንን የሚሉ ሰዎች በቴክሳስ የሆነውን ቢያውቁ ጥሩ ነው። በ1979 የግዛቱ ሕግ አውጪዎች በሂዩስተን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቹን በ50 እንዲጨምር አዘዙ። ትእዛዙ የመጣው ምርጫው ካለቀ በኋላ ነበር። ትምህርት ቤቱ ቃለ መጠይቅ አድርጎ ወዳላስገባቸው ሰዎች ተመልሶ 50ውን ከእነርሱ ወሰደ። ከእነዚህ ብዙዎቹን ሌላ ትምህርት ቤትም አልተቀበላቸውም ነበር። በ1987 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ቀድመው የተመረጡትንና በኋላ የገቡትን በትምህርት ዘመናቸውና ከምረቃ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ዓመት ሥልጠና አነጻጸራቸው። ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

አስቡት። ሕግ አውጪዎቹ ያን ውሳኔ ባይወስኑ ኖሮ ከእነዚያ 50 ሰዎች ብዙዎቹ ዕድሜ ልካቸውን «አልሆነልንም፤ አንመጥንም ነበር» እያሉ ይኖሩ ነበር።

ቁጥሩንም ተመልከቱ። በ2021 ወደ ኤምዲ ትምህርት ቤቶች 62,443 ሰዎች አመለከቱ፤ ትምህርት የጀመሩት 22,666 ናቸው። ወደ 40,000 የሚጠጋ ሰው ወንበር አላገኘም። ከዚያ ዓመት አመልካቾች ሩብ ያህሉ ደግሞ ቀደም ሲል አመልክተው ያልተሳካላቸውና የተመለሱ ነበሩ። ወንበሩ ጥቂት ነው፤ ይህን ለልጅ በግልጽ መንገር ያስፈልጋል።

ድጋሚ ማመልከት ግን ያንኑ ወረቀት ቀን ቀይሮ መላክ አይደለም። አንዲት ተማሪዬ በመጀመሪያው ዓመት ከሁሉም ቦታ የእምቢታ መልስ ተቀብላ አለቀሰች፤ ከዚያ አብረን ማመልከቻዋን ዘርግተን አየነው። ያስገባችው ሴፕቴምበር ላይ ነው፤ ቃለ መጠይቁ አስቀድሞ ተጀምሯል። በሽተኛ አጠገብ የቆመችበት ጊዜ ከ30 ሰዓት አይበልጥም። ውጤቷ ላይ ችግር አልነበረም፤ እርሷ ግን ኤምካት ልትደግም ተዘጋጅታ ነበር። ኤምካት በአንድ ዓመት ውስጥ ከሦስት ጊዜ፣ በዕድሜ ልክ ከሰባት ጊዜ በላይ አይፈቀድም፤ ያለ ምክንያት አይደገምም። ፈተናውን ትታ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ በረዳትነት ተቀጠረች፤ ጽሑፏን ከመጀመሪያው ቃል ጀምራ አዲስ ጻፈች፤ በቀጣዩ ዓመት ጁን በገባ በመጀመሪያው ሳምንት አስገባች። አሁን የሁለተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ናት።

«ተረጋጋ፤ አታስብበት»

በቅንነት የሚሰጥ፣ ነገር ግን ማንንም አረጋግቶ የማያውቅ ምክር ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሪቨርሳይድ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የሆነችው ኬት ስዊኒ የጥብቅና ፈቃድ ፈተና ወስደው አራት ወር ውጤት የሚጠብቁ የሕግ ምሩቃንን ተከታትላ ነበር። ጭንቀታቸውን ለማባረር የተጠቀሙባቸው ዘዴዎች እምብዛም አልሠሩም። ሲጨነቁ የከረሙት ግን ውጤቱ ሲመጣ፣ መጥፎም ቢሆን፣ ምንም ሳይመስላቸው ከቆዩት በተሻለ ተቀበሉት።

በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ2016 የወጣ ጥናት ደግሞ አለ። ተሳታፊዎቹ በኮምፒውተር ጨዋታ ድንጋይ ሥር እባብ ይኑር አይኑር ይገምታሉ፤ እባብ ካለ እጃቸው ላይ የሚያም የኤሌክትሪክ ንዝረት ይደርስባቸዋል። ከሁሉ ይበልጥ የተጨነቁት እባቡ መኖሩን በእርግጠኝነት ሲያውቁ አልነበረም። ግማሽ በግማሽ ሲሆን ነው። ልጃችሁ ወራቱን ሁሉ ያ ድንጋይ ፊት ቆሟል። ስለዚህ ጭንቀቱን እንደ እምነት ማነስ ወይም እንደ ድክመት አትቁጠሩበት።

የሚረዳው ሐሳብን ጠቅልሎ የሚወስድ ሥራ ነው፤ የስዊኒ የኋላ ጥናቶችም ወደዚያው ያመለክታሉ። ቤተ ሙከራ ሊሆን ይችላል፣ ልጆችን ሒሳብ ማስጠናት ሊሆን ይችላል፣ ቤት መቀባትም ይሆናል። የአመልካቾችን ገጽ በቀን አንድ ጊዜ፣ በታወቀ ሰዓት ብቻ ክፈት፤ ከመኝታ በፊት ግን አይሁን። ጃንዋሪ ላይ ለድጋሚ ማመልከቻ የሚያስፈልገውን በወረቀት ጻፍ። ባያስፈልግ ትቀደዋለህ፤ ካስፈለገ ግን በሐዘንህ ሰሞን ከባዶ አትጀምርም።

ወላጆችን ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። በየማለዳው «ምን አሉህ?» አትበሉ። የዚያን ልጅ እናት በስልክ አግኝቼ ይህንኑ ስነግራቸው «ታዲያ እናት ሆኜ እንዴት አልጠይቅ፣ ወንድሜ?» አሉኝ። ዓርብ ማታ ራሱ እንዲነግራቸው፣ በሌላው ቀን ግን እንዳይጠይቁት ተስማማን። ማርች ላይ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች አልተቀበሉትም፤ ሦስተኛው በተጠባባቂነት ያዘው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት ዓርብ ማታ «አዲስ ነገር የለም እማዬ» ይላቸዋል፤ እርሳቸውም «እሺ ልጄ» ብለው ስለ ሌላ ነገር ያወሩታል።

ስልኩ የጮኸው ጁን ውስጥ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ጓንት አጥልቆ ሳለ ነው። ጓንቱን እስኪያወልቅ ድረስ ጥሪው አለፈው፤ ወደ መተላለፊያው ወጥቶ መልሶ ደወለ። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ለእናቱ ለመንገር ዓርብን አልጠበቀም።