የዳርዊንቦትስ ቦቶች ማህደረ ትውስታ

ዳርዊንቦትስ በኮምፒውተር ውስጥ ሰው ሠራሽ ፍጡራን እየተራቡ፣ እየተፋለሙና እየተለወጡ የሚኖሩበት ፕሮግራም ነው። ጀማሪው ጣሊያናዊው ካርሎ ኮሚስ ሲሆን የተጻፈው በቪዥዋል ቤዚክ ነው። ፍጡራኑ «ቦት» ይባላሉ።

እያንዳንዱ ቦት 1000 ቦታዎች ያሉት ማህደረ ትውስታ አለው። በየቦታው የሚቀመጠው አንድ ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው። የቦቱ ዲኤንኤ፣ ማለትም ባህሪውን የሚወስነው የትእዛዞች ዝርዝር፣ አካሉን በቀጥታ አያንቀሳቅስም፤ ቁጥር ይጽፋል፣ ቁጥር ያነባል። በ1ኛው ቦታ 10 ከጻፈ ቦቱ ወደ ፊት ይገፋል። 2ኛው ወደ ኋላ፣ 3ኛው ወደ ግራ፣ 4ኛው ወደ ቀኝ ነው። ቦታዎቹ ስምም አላቸው፤ የግራና የቀኙ ስሞች፣ ኤስኤክስ እና ዲኤክስ፣ ከጣሊያንኛ የመጡ ምህጻረ ቃላት ናቸው፤ ጀማሪው አገሩን በኮዱ ውስጥ ትቶልናል። 7ኛው ቦታ መተኮሻ ነው፤ −1 ሲጻፍበት የሌላውን ኃይል የሚነጥቅ ጥይት ይወጣል። 300ኛው መራቢያ ሲሆን፣ የሚጻፍበት ቁጥር ለልጅ የሚተላለፈው የኃይል መቶኛ ነው።

ትእዛዙ ወዲያው አይፈጸምም። ዲኤንኤው በየዑደቱ ከላይ እስከ ታች ይነበባል፤ ፕሮግራሙ ማህደረ ትውስታውን የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ሁለት ዘረ መሎች በአንድ ቦታ ላይ ቢጽፉ የሚጸናው የኋለኛው ቃል ነው። የስሜት ቦታዎች ደግሞ በፕሮግራሙ ይሞላሉ፤ 310ኛው የቀረውን ኃይል፣ ከ501 እስከ 509 ያሉት ዘጠኙ ዓይኖች የሚያዩትን ያሳያሉ። ነገሩ በቀረበ መጠን የዓይኑ ቁጥር ይጨምራል።

ጀማሪዎችን የሚያሳስተው የኮከብ ምልክት ነው። በስሙ ፊት ነጥብ ብቻ ካለ ስሙ የቦታውን ቁጥር ያመለክታል፤ ኮከብ ሲታከል በውስጡ ያለውን ዋጋ። «አምስተኛው ዓይን ከዜሮ ይበልጣል?» ብሎ ኮከቡን የረሳ ሰው የሚያወዳድረው 505ን ከዜሮ ጋር ነው። መልሱ ሁልጊዜ አዎ ስለሚሆን ቦቱ ባዶ ሜዳ ላይ ጠላት አየሁ ብሎ ይተኩሳል።

ከሁሉ የሚገርመኝ የዘመድ መለያው ነው። ብዙ ቦቶች ዘመድን የሚያውቁት ያ ሌላው ቦት በዲኤንኤው ውስጥ ዓይንን ስንት ጊዜ እንደሚጠቅስ አይተው፣ ከራሳቸው ቁጥር ጋር በማመሳከር ነው። በአንድ ትውልድ የዘር ለውጥ አንዲት የዓይን መጥቀሻ ብትጨምር ወይም ብትጠፋ ሁለቱ ቁጥሮች አይገጥሙም፤ እናት ልጇን በዓይኗ ፊት ባገኘችው ጊዜ እንደ ባዕድ ቆጥራ ትተኩስበታለች።