«12 ቮልት ምን ያደርጋል?» እና ሌሎች የፒካፕ ፓምፕ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ፒካፕ ያለው ሰው በጋ ሲገባ ሥራ አይፈታም። ካሶኒው ላይ ሮቶ ይጭናል፣ ከጨሞጋ ወንዝ ውሃ ይቀዳል፣ ሽንኩርት ወይም የአቮካዶ ችግኝ ያጠጣል። በመኪና ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ከተገኘ ደግሞ በባልዲ መመላለስ ቀረ። እኔም ከገጠምኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ስለ ሽቦው ከሚነገረው ውስጥ ግን መኪና የሚያቃጥል ስህተት ስላለ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«12 ቮልት ነው፣ ምንም አያደርግም»

በደረቅ እጅ ብትነኩት አይነዝርም፣ ይሄ እውነት ነው። እሳት ግን ያስነሳል። የመኪና ባትሪ ሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻውን) የሚያዞር ጉልበት አለው። ፖዘቲቩ ቦዲውን ከነካ በመቶ የሚቆጠር አምፒር ባንዴ ይለቃል። ቀጭን ሽቦ ይህን አይችልም፤ በሰከንዶች ውስጥ ግሎ ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

በራሴ ደርሷል። ገመዱን ከኮፈን ሥር ወደ ኋላ ስወስድ ቀዳዳው ላይ ጎማ ሳላደርግ በቆርቆሮው አሳለፍኩት። የጠጠሩ መንገድ መንገጫገጭ ቀስ በቀስ ፕላስቲኩን በላው። አንድ ቀን ከአማኑኤል ከተማ ስመለስ ጋቢናው ውስጥ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ኮፈኑን ስከፍት ቀዩ ገመድ ቆርቆሮው ላይ ተጣብቋል፣ መዳቡ ጠቁሮ ወጥቷል። በ10 ቁጥር ቁልፍ ባትሪውን ፈትቼ ነው የተረፍኩት።

«ፊውዝ አለው እኮ»

የእኔም ነበረው። ግን ከኋላ፣ ፓምፑ አጠገብ ነበር። ፊውዝ የሚጠብቀው ከእሱ ወዲያ ያለውን ገመድ ነው። ከባትሪው እስከ ፊውዙ ድረስ ያለው አራት ሜትር ባዶውን ነበር። የፊውዝ ቦታ የባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ነው፤ ከአንድ ስንዝር ባይርቅ ጥሩ ነው።

በተበጠሰ ቁጥር ከፍ ያለ ፊውዝ መተካት ደግሞ ሌላው ጣጣ ነው። ፊውዙ ገመዱ ከሚችለው ማነስ፣ ፓምፑ ከሚወስደው ትንሽ መብለጥ አለበት። ደጋግሞ ከተበጠሰ ችግሩን ፈልጉ። በፊውዙ ቦታ ሽቦ ማሰርማ በፍጹም!

«ቮልቱ ትንሽ ስለሆነ ቀጭን ሽቦ ይበቃል»

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። 120 ዋት የሚወስድ ፓምፕ በ220 ቮልት ቢሠራ ከግማሽ አምፒር ብዙም አያልፍም። በ12 ቮልት ግን 10 አምፒር ይስባል። ሽቦውን የሚያሞቀው አምፒሩ ነው።

በዚያ ላይ መንገድ ላይ የሚቀረው አለ። ከባትሪ እስከ ካሶኒ 5 ሜትር ብንል፣ መሄጃና መመለሻው 10 ሜትር ነው። በባለ 1.5 (ካሬ ሚሊሜትር) ሽቦ ከ1 ቮልት በላይ ሳይደርስ ይቀራል። በባለ 4 ግን ግማሽ ቮልት እንኳ አይሞላም። ከ220 ላይ 1 ቮልት ቢጎድል ማንም አያውቅም። ከ12 ላይ ሲጎድል ግን ፓምፑ ይደክማል፣ ውሃውም ይቀጥናል። ሰው ይሄኔ «ፓምፑ ፌክ ነው» ብሎ ሌላ ይገዛል።

የግድግዳ ሽቦም አትጠቀሙ። ነጠላ ድፍን ክር ስለሆነ መንገጫገጭ ይሰብረዋል። ለመኪና ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ልስልስ ገመድ ነው የሚሆነው።

«ማሳውን የትም ቦዲ ላይ እሰረው»

ማሳ የሚሉት ኔጌቲቩን ነው፤ በቦዲው በኩል ወደ ባትሪው ይመለሳል። ቀለምና ዝገት ግን ኤሌክትሪክ አያሳልፉም። ብረቱ እስኪያበራ ፍቃችሁ በብሎን እሰሩ። እኔ ኔጌቲቩንም በገመድ እስከ ባትሪው ወስጄዋለሁ።

«ጠንካራ ፓምፕ ከሆነ ከጥልቅ ጉድጓድ ይስባል»

ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው አየር ነው፤ ፓምፑ ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ብቻ ነው የሚያወጣው። ባሕር ጠረፍ ላይ የመጨረሻው ጣሪያ 10 ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል፤ ጣሪያው ከ8 ሜትር በታች ይወርዳል። በተግባር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ሞተሩን ማሳደግ ይህን አይቀይረውም። ጉድጓዱ ከጠለቀ ውሃ ውስጥ የሚገባ ፓምፕ ግዙ፤ እሱ ከታች ሆኖ ይገፋል።

«መኪናው ጠፍቶም ይሠራል»

ይሠራል፣ ግን ባትሪውን ይገድላል። 60 አምፒር ሰዓት ባትሪ 10 አምፒር ሲወጣበት በሦስት ሰዓት ግማሹ ያልቃል። የመኪና ባትሪ ደግሞ ሞተር ለማስነሳት እንጂ እንዲህ ለመራገፍ አልተሠራም። ስለዚህ ሞተሩ እየሠራ፣ ዲናሞው እየሞላ ነው የምቀዳው። ፓምፑንም በሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን በሚያበራና በሚያጠፋ ማብሪያ) ከመኪናው ቁልፍ ጋር አገናኝቼዋለሁ፤ ቁልፉ ሲወጣ ፓምፑም ይቆማል።