ስታቲስቲክስን በኤክስቴንሽን ወስዶ ትራንስፈር ማድረግ፦ የሚወራው እና እውነታው

ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮሚኒቲ ኮሌጅ እየተማሩ ወደ ዩሲ ወይም ወደ ካል ስቴት (ሁለቱ የካሊፎርኒያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሥርዓቶች) ትራንስፈር ሊያደርጉ የሚዘጋጁ የሀበሻ ልጆችን ስታቲስቲክስ አስጠናለሁ፣ ልጆች ስል ልጆቻቸውን ለኮሌጅ ያደረሱ እናቶችም አሉበት። እና ኤክስቴንሽን ስለሚባለው፣ ዩኒቨርሲቲው ለማንም ሰው በክፍያ ኮርስ ስለሚሰጥበት ክፍል፣ በየሴሚስተሩ ያው ወሬ ተመልሶ ይመጣል፦ «የሒሳቧን ነገር በኤክስቴንሽን ስታቲስቲክስ ተገላገልኳት፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ አይደል የሚሰጠው፣ ይቆጠራል»። ማን ነገረሽ ስትባል የአክስቷ ልጅ ናት፣ ቤተክርስቲያን የተዋወቀችው ልጅ ነው፣ ቲክቶክ ነው። ካውንስለር (የኮሌጁን አማካሪ) የጠየቀ ወይም የሚገባበትን ዩኒቨርሲቲ የጠየቀ ግን የለም። ሰው ከስንት ሺፍት ያጠራቀመው ገንዘብ እና አንድ ሙሉ ዓመት እንዲሁ ሲሄድ ማየት ስለመረረኝ ነው የምጽፈው።

ቀላል ቀላሎቹን ቶሎ ላውጣቸው።

«ዩሲ ካልኩለስ ካልሆነ አይቀበልም፣ ስታቲስቲክስ ሒሳብ አይባልም።» ይባላል። ዩሲ ለትራንስፈር ተማሪ በትንሹ የሚጠይቀው ሰባት ኮርስ ነው፦ ሁለት እንግሊዝኛ፣ አንድ ሒሳብ፣ የቀሩት አራቱ ደግሞ ከአርትና ሂዩማኒቲስ፣ ከሶሻል ሳይንስ እና ከተፈጥሮ ሳይንስ ቢያንስ ከሁለቱ ዘርፍ የሚወሰዱ። ያቺን አንዷን የሒሳብ ቦታ መደበኛው መግቢያ ስታቲስቲክስ በደንብ ይሞላታል። ኮሚኒቲ ኮሌጆቹም ከ2025 ፎል ጀምሮ ኮርሱን ስታት ሲ1000 በሚል አንድ ቁጥር መጥራት ስለጀመሩ ፍለጋው ራሱ ቀሏል።

«መጀመሪያ አልጀብራውን ከታች ጀምሬ መጨረስ አለብኝ።» ይሄ የድሮ ታሪክ ነው። በ2017 የወጣው ኤቢ 705 የሚባለው ሕግ ነው የቀየረው፣ አሁን አብዛኛው ተማሪ በቀጥታ ስታቲስቲክስ መመዝገብ ይችላል፣ ካስፈለገው ከጎኑ የድጋፍ ክፍል ይሰጠዋል።

«ሲ ማይነስም ያው ሲ ነው።» ለዩሲ አይደለም። ዝቅተኛው ሲ ነው።

«የሳይኮሎጂውንም የቢዝነሱንም ስታቲስቲክስ ብወስድ ዩኒት ይደራረብልኛል።» አይደራረብም፣ ዩሲ ከመግቢያ ስታቲስቲክሶች የአንዱን ብቻ ነው ክሬዲት የሚሰጠው።

«ክሌፕ ተፈትኜ አልፋለሁ።» ክሌፕ ኮርሱን ሳይወስዱ ተፈትኖ ክሬዲት የሚገኝበት ፈተና ነው፣ ዩሲ ግን አይቀበለውም። ሃይስኩል እያለ ኤፒ ስታቲስቲክስ (ለሃይስኩል ተማሪ የሚሰጥ የኮሌጅ ደረጃ ፈተና) ተፈትኖ 3 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ልጅ ግን የሒሳቧን ቦታ ቀድሞ ሞልቷት ሊሆን ይችላል፣ ይሄን ስንቱ ረስቶት እንደገና ሊከፍል ሲል ደርሻለሁ፣ እባካችሁ የድሮ ውጤታችሁን አውጥታችሁ እዩ።

«ኤክስቴንሽን ከገባሁ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ገባሁ ማለት ነው።» አዲስ አበባ የማታ ኤክስቴንሽን የተማረ ሰው ቢሳሳት አልፈርድበትም፣ እዚያ ማታ እየተማረ ዲግሪውን ይይዛል። እዚህ ግን የዩሲ ኤክስቴንሽን ላይ ለአንድ ኮርስ ስትመዘገብ አድሚሽን አላገኘህም፣ ክፍያ ከፍሎ ኮርስ የወሰደ ሰው ነህ፣ በቃ። ለመግባትም ቅድሚያ አይሰጥህም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ «ይቆጠራል» ልምጣ።

ኤክስቴንሽን የዩኒቨርሲቲው አካል መሆኑ እውነት ነው፣ ሎጎውም ትራንስክሪፕቱም ላይ አለ። ችግሩ እዚያ ቤት ውስጥ የሚሰጠው ሁሉ አንድ ዓይነት ክሬዲት አለመሆኑ ነው። ከዩሲ ካምፓሶች አንዱ የሆነውን የዩሲኤልኤን ኤክስቴንሽን ካታሎግ ክፈቱና የኮርሱን ቁጥር እዩ። ኤክስ ኤል የሚል ምልክት ያለባቸውና ቁጥራቸው ከ1 እስከ 199 ያሉት ከመደበኛው የዲግሪ ኮርስ ጋር እኩል የሚታዩ ናቸው። ኤክስ ብሎ 400 ቤት የሚጀምረው ደግሞ የሙያ ኮርስ ነው፣ ለሰርተፍኬት፣ ለሥራ ለውጥ። ሌላው የዩሲ ካምፓስ በርክሊም የራሱ አጠራር አለው፣ ከበርክሊ የዲግሪ ኮርስ ጋር እኩል የሆነውን ኤክስ ቢ ብሎ ይለየዋል። ሁለቱም ዓይነት ኮርስ «ስታቲስቲክስ» የሚል ቃል ርዕሱ ላይ ሊኖረው ይችላል፣ ሁለቱም ኤ እና ቢ የሚል ግሬድ ይሰጣል። ልዩነቱ ያለው ሰው ዘሎት በሚያልፈው በዚያች ቁጥር ላይ ነው።

አንዲት እህታችን ነበረች፣ ሌሊት ነርሲንግ ሆም ትሠራለች፣ ቀን ትማራለች። ፐብሊክ ሄልዝ ለማጥናት ሁሉን ጨርሳ የቀራት ሒሳብ ብቻ ነበር። የኮሌጇ የማታ ክፍል ሞልቶባት፣ አንድ ኤክስቴንሽን የዳታ አናሊቲክስ ሰርተፍኬት ውስጥ ያለ ስታቲስቲክስ አገኘች፣ ኦንላይን ነው፣ ከሺፍቷ ጋር ይሄዳል፣ ከሺህ ዶላር በላይ ከፈለች፣ ኤ አመጣች። ወደኔ የመጣችው ኮርሱ ተገምግሞ «ኢሌክቲቭም አይሆንም» ከተባለች በኋላ ነው። ወረቀቷን ሳየው ቁጥሩ 400 ቤት ነው። ኮርሱ መጥፎ አልነበረም፣ ሪግሬሽኑን ከብዙ የኮሌጅ ተማሪ በላይ ታውቀዋለች፣ ግን የዲግሪ ክሬዲት አይደለም፣ ይግባኝ የሚባልበትም ነገር የለውም። ሰመር ላይ እወስደዋለሁ አለች። ሰመርም አይሆንም፣ ምክንያቱም ለፎል የሚገባ ሰው የሒሳብ ኮርሱን ከዚያ በፊት ባለው ስፕሪንግ መጨረሻ ማጠናቀቅ አለበት። አንድ ዓመት ጠበቀች። ይሄ ሁሉ አንድ ኢሜይል ጽፋ ብትጠይቅ የሚቀር ነበር፣ እሷን ሳይሆን «ይቆጠራል» ብሎ የላካትን ሰው ነው የምቆጣው።

ትክክለኛውን ቁጥር ብታገኙም ገና አላለቀም። ኮርሱ ቢያንስ 3 የሴሚስተር ወይም 4 የኳርተር (ከሴሚስተር አጠር ያለ የትምህርት ጊዜ) ዩኒት መሆን አለበት። 4 የኳርተር ዩኒት ወደ ሴሚስተር ሲቀየር 2.67 ገደማ ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ ለትራንስፈር የሚጠየቀውን 60 የሴሚስተር ዩኒት ልክ ልኩን ቆጥሮ የተዘጋጀ ልጅ በክፍልፋይ ሊጎድልበት ይችላል። አሲስት የሚባለው ድረ ገጽ ላይም አትፈልጉት፣ እሱ የሚያሳየው የኮሚኒቲ ኮሌጅ ኮርሶች በዩሲ እና በካል ስቴት እንዴት እንደሚቆጠሩ ነው። ካልጌትሲ የሚባለውን የጋራ ትምህርት ጥቅል የምትጨርሱ ከሆነ ደግሞ ሰርቲፋይ የሚያደርግላችሁ ኮሚኒቲ ኮሌጃችሁ ስለሆነ፣ የውጭውን ኮርስ ከራሱ ስታቲስቲክስ ጋር አስተያይቶ መቀበል አለበት፣ ለዚህም ሲላበስ (የኮርሱን ዝርዝር ይዘት) ይጠይቃል። እና ዋጋውን አስቡት። የካሊፎርኒያ ነዋሪ በኮሚኒቲ ኮሌጅ በዩኒት 46 ዶላር ነው የሚከፍለው፣ 4 ዩኒት ቢሆን 184 ዶላር፣ ገቢው ዝቅ ያለ ደግሞ በፕሮሚስ ግራንት ያቺም ትቀርለታለች። ለአንድ ነጠላ የኤክስቴንሽን ኮርስ ግን በአብዛኛው የመንግሥት የትምህርት ድጎማዎቹ ፔል ግራንትም ካል ግራንትም አይሠሩም።

ስለዚህ ኤክስቴንሽን ለማን ይሆናል? ለሚሆነው ሰው በጣም ጥሩ ነው፣ ጭራሽ አትንኩት የሚሉትም ልክ አይደሉም። ከቨርጂኒያ ወይም ከሚኒሶታ በቅርብ መጥቶ ካሊፎርኒያ አንድ ዓመት ያልሞላው ሰው ኮሚኒቲ ኮሌጅም የነዋሪ ባልሆነ ዋጋ ስለሚያስከፍለው ልዩነቱ ይጠብለታል። ክፍል ሞልቶበት ስፕሪንግ ሊያልፍበት ያለም አለ፣ በራስ ፍጥነት የሚሄድ ኮርስ ካልሆነ ከሥራው ጋር የማይገጥምለትም አለ።

ሌላው የሚያናድደኝ፣ «ሒሳቧን ከጨረስኩ ጨረስኩ»። የመግቢያው መስፈርት እና የሜጀሩ (የምታጠኑት ዋና የትምህርት ዘርፍ) መስፈርት ሁለት ናቸው። ሶሲዮሎጂ ወይም ነርሲንግ የሚያጠና ሰው ብዙ ጊዜ በስታቲስቲክስ ሁለቱንም ይመታል። ኢንጂነሪንግ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ኢኮኖሚክስ የሚል ሰው ግን ካልኩለስ አለበት፣ የበርክሊ ቢዝነስ ደግሞ ስታቲስቲክስም ካልኩለስም ይፈልጋል። አንድ ጎበዝ ልጅ ስታቲስቲክሱን በኤ ጨርሶ ማመልከቻውን ሊሞላ ሲቀመጥ ነው ካልኩለስ እንደሚቀረው ያየው፣ ሦስት ካምፓስ ከዝርዝሩ አወጣ። የሜጀሩን ገጽ ማንበብ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

«ኦንላይን ስታቲስቲክስ ቀላል ነው፣ ካልኩሌተሩ ይሠራዋል» የሚሉትንም እስቲ ይቺን ሞክሩ። 36 ሰው ናሙና ወሰድን፣ አማካዩ 52 መጣ፣ መላምቱ እውነተኛው አማካይ 50 ነው የሚል ነው፣ ስታንዳርድ ዲቪየሽኑ 6። ስታንዳርድ ኤረሩ 6 ለ6 (የ36 ስኩዌር ሩት) ተካፍሎ 1 ነው፣ ከ50 የራቀው 2 ለ1 ሲካፈል ውጤቱ 2። በዜድ ከሄዳችሁ ፒ ቫልዩው 0.046 ገደማ ነው፣ ከ0.05 በታች ስለሆነ መላምቱን ትጥላላችሁ። ግን ያ 6 የመጣው ከናሙናው ራሱ ከሆነ መጠቀም ያለባችሁ ቲ ነው፣ በ35 ዲግሪስ ኦፍ ፍሪደም ፒ ቫልዩው 0.053 ገደማ ይሆናል፣ አትጥሉትም። ካልኩሌተሩ ሁለቱንም በደስታ ያወጣላችኋል፣ የትኛውን እንደምትጫኑ አይነግራችሁም። ከዚያ ደግሞ «መላምቱ እውነት የመሆን ዕድሉ 5 ከመቶ ነው» ብሎ የሚጽፍ አለ፣ ነጥብ የሚቀነሰውም እዚያ ላይ ነው። ፒ ቫልዩ የሚለው፣ መላምቱ እውነት ቢሆን እንዲህ ያለ ወይም ከዚህ የራቀ ውጤት የማየት ዕድሉ ስንት ነው የሚለውን ነው። በራስ ፍጥነት የሚሄድ ኮርስ ላይ ይሄን የሚያርምላችሁ መምህር ከጎናችሁ የለም፣ ሰው አጠገባችሁ አድርጉ።

ከመክፈላችሁ በፊት የምትገቡበት ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር አድሚሽን ጋ ጻፉ። የኮርሱን ሙሉ ቁጥር፣ ዩኒቱን፣ ኳርተር ይሁን ሴሚስተር፣ በሌተር ግሬድ መሆኑን አስገቡ፣ ሲላበሱን አያይዙና «ይሄ ኮርስ የሒሳብ መስፈርቱን ይሞላልኛል ወይ፣ ለሜጀሬስ» ብላችሁ ሁለቱንም ለይታችሁ ጠይቁ። በስልክ የተባላችሁትን አትመኑ፣ መልሱን በጽሑፍ አግኙና አስቀምጡት። ያንኑ ፋይል ለኮሚኒቲ ኮሌጅ ካውንስለራችሁም ላኩ።

ካለፋችሁም ካላለፋችሁም ኤክስቴንሽኑን ማመልከቻው ላይ እንደ አንድ ትምህርት ቤት ጻፉት። ዲ ስላመጣ የደበቀ ልጅ አውቃለሁ፣ ኋላ ሲታወቅ የገባበት ቦታ ሊሰረዝበት ነበር። ትራንስክሪፕቱም ራሱን የቻለ ነው፣ ከኤክስቴንሽኑ ሬጅስትራር ለብቻው አዛችሁ ለዩኒቨርሲቲው ትልካላችሁ፣ ኮሌጃችሁ ካልጌትሲ የሚሠራላችሁ ከሆነ ለኮሌጁም። ዩሲ የመጨረሻውን ትራንስክሪፕት እስከ ጁላይ 1 ነው የሚፈልገው፣ በራስ ፍጥነት የሚወሰድ ኮርስ ግሬድ ደግሞ ፈተናው ከተወሰደ በኋላም ጊዜ ወስዶ ነው የሚገባው፣ ስለዚህ የመጨረሻ ፈተናችሁን ከኤፕሪል አታሳልፉት።