የጨቅላ ሕፃናት የልብ ዕጢ በመድኃኒት ሲታከም፦ ከድሬዳዋና ከሐረር አንጻር

አዲስ በተወለደ ሕፃን ልብ ላይ ዕጢ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ሲገኝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ራብዶማዮማ የሚባለው፣ ከልብ ጡንቻ የሚነሣው ዓይነት ነው። ካንሰር አይደለም፤ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍልም አይሰራጭም። ወላጅ ግን "ዕጢ" ሲባል ጆሮው የሚሰማው "ካንሰር" ነውና ሐኪሙ ሌላውን ከማስረዳቱ በፊት ይህን ቢናገር ይሻላል። ጉዳት የሚያደርሰው ዕጢው የተቀመጠበት ቦታ ነው። ደም ከልብ የሚወጣበትን መንገድ ከዘጋ ወይም የልብ ምትን ካዛባ ሕፃኑ ጡት ሲጠባ ያልበዋል፣ ይደክመዋል፣ ከንፈሩም ይጠቁራል።

ራብዶማዮማ ካለባቸው ሕፃናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ በተለይም ዕጢው ከአንድ በላይ የሆነባቸው፣ ቲዩበረስ ስክለሮሲስ የተባለ የዘረመል በሽታ አለባቸው። ጀርመናዊው ሐኪም ፎን ሬክሊንግሃውዘን በ1862 እ.ኤ.አ. ከተወለደ ብዙም ሳይቆይ የሞተ ሕፃን መርምሮ በልቡ ላይ ዕጢዎች ማግኘቱን ጽፏል። ለበሽታው ስያሜ የሰጠው ግን በ1880 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ሐኪም ቡርንቪል ነው። መንስኤዎቹ ሁለት ጂኖች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ተለዩ። ጤነኞች ሲሆኑ ኤምቶር የተባለውን ሴልን የሚያሳድግ ሂደት ይገቱታል፤ ሲበላሹ ልጓሙ ይላላል። ከሦስት ሕፃናት በሁለቱ ገደማ ችግሩ ከወላጅ የወረደ ሳይሆን አዲስ የተፈጠረ ነው። እናትን ወይም የአባትን ዘር መውቀስ ስለዚህ መሠረት የለውም።

መድኃኒቱ የሚሠራውም እዚሁ ላይ ነው። ሲሮሊመስ በ1964 እ.ኤ.አ. ከኢስተር ደሴት ከተወሰደ አፈር ውስጥ በተገኘ ባክቴሪያ የሚመረት ሲሆን፣ መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው ሰውነት የተተከለለትን ኩላሊት እንዳይገፋ ለማድረግ ነበር። ዘመዱ ኤቨሮሊመስ ይባላል። ሁለቱም ኤምቶርን ይገታሉ፤ ዕጢው በሳምንታት ውስጥ ሲቀንስ የታየባቸው ብዙ ሕፃናት ተመዝግበዋል። ኤቨሮሊመስ በ2010 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደው ግን በዚሁ በሽታ ለሚመጣ የአንጎል ዕጢ ነበር። ለልብ ዕጢ የሚታዘዘው በሐኪሙ ውሳኔ፣ ከተፈቀደለት አገልግሎት ውጭ ነው።

አብዛኛው ራብዶማዮማ ከተወለዱ በኋላ በራሱ እየሟሸሸ ይሄዳል። ስለዚህ ሕፃኑ በደንብ ከጠባና ልቡ በሥርዓት ከመታ የሚያስፈልገው ክትትል እንጂ መድኃኒት አይደለም። መድኃኒቱ የሚታሰበው የደም መውጫው ሲጠብ ወይም የልብ ምት መዛባት በሌላ መድኃኒት አልታዘዝ ሲል፣ ቀዶ ሕክምናውም ከባድ ወይም ሩቅ ሲሆን ነው። ዕጢው የሌላ ዓይነት ከሆነ ነገሩ ይለያል። ፋይብሮማ የሚባለው ጠንካራ ዕጢ በእነዚህ መድኃኒቶች ይቀንሳል ተብሎ አይጠበቅም፤ ከደም ሥር ለሚነሣው ሄማንጂዮማ ደግሞ ፕሮፕራኖሎል የተባለው የልብ ምትን የሚያረጋጋ መድኃኒት ተሞክሯል።

በምሥራቁ የአገራችን ክፍል እንዲህ ያለ ሕፃን የሚላከው በሐረር የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ወደሆነው ሕይወት ፋና ወይም በድሬዳዋ ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ነው። ልብ መከፈት ካለበት መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ነው። የሐረር ቤተሰብ አውሮፕላን ለመሳፈር በደንገጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ ድሬዳዋ መውረድ አለበት፤ ትንፋሽ ላጠረው ሕፃን ይህ ቀላል ጉዞ አይደለም። በመድኃኒት ዕጢውን ማሳነስ እዚህ ይበልጥ የሚያጓጓው ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ መድኃኒቱን ከማግኘት ይልቅ መቆጣጠሩ ይከብዳል። በደም ውስጥ ያለው የኤቨሮሊመስ መጠን አብዛኛውን ጊዜ በሚሊ ሊትር ከ5 እስከ 15 ናኖግራም እንዲሆን ይፈለጋል፤ ይህ በላቦራቶሪ ካልተለካ ሐኪሙ በጭፍን ነው የሚሄደው። ፈሳሹ ሲሮሊመስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ አለበት። መብራት ጠፍቶ በግንቦት የድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ ቢያድርስ? ቤተሰቡ ይህን ከመጀመሪያው ቀን መጠየቅ አለበት።

የክትባት ጉዳይም አለ። መድኃኒቱ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ሕያው ጀርም ያለባቸው ክትባቶች አብረውት አይሰጡም። በእኛ አገር ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያው ቢሲጂና በአፍ የሚሰጠው ፖሊዮ ገና እንደተወለደ፣ የተቅማጥ መከላከያው ሮታ በ6ኛው ሳምንት፣ ኩፍኝ በ9ኛው ወር ይሰጣሉ። ሕፃኑ ቢሲጂ ወስዶ እንደሆነ ለማወቅ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የክትባት ካርዱ መታየት አለበት። የጤና ጣቢያዋ ነርስም ስለ መድኃኒቱ ካልተነገራት በቀጠሮው ቀን በቅንነት ትከትበዋለች። አፍ መቁሰል፣ ኢንፌክሽንና በደም ውስጥ የቅባት መጨመርም ያጋጥማሉ። መድኃኒቱ ሲቆም ዕጢው ጥቂት ተመልሶ ሊያድግ ስለሚችል የልብ አልትራሳውንድ መደጋገሙ አይቀርም።

ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ያለው ግጭት ቀላል አይደለም። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታልና ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን መድኃኒቱን ከደም ያራቁታል፤ ፀረ ባክቴሪያው ኤሪትሮማይሲንና ፀረ ፈንገሱ ፍሉኮናዞል ደግሞ ከልክ በላይ ያከማቹታል።

ቲዩበረስ ስክለሮሲስ ቆዳንና አንጎልንም ስለሚነካ ልቡ ዳነ ተብሎ ክትትሉ አይቆምም። በቆዳ ላይ ነጣ ያሉ ምልክቶች ይታዩ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል፤ በጠይም ቆዳ ላይ በደንብ ጎልተው ይወጣሉ። ሕፃኑ በመጀመሪያው ዓመቱ፣ በተለይ ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ አንገቱን ወደ ፊት ሰበር እያደረገ እጆቹን በተከታታይ የሚወረውር ከሆነ ቁርጠት ነው ብሎ ማለፍ አይገባም፤ የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል። ለዚህ የሚሰጠው ኤሲቲኤች የተባለው መርፌ የልብ ዕጢውን መልሶ ሲያሳድግ ስለታየ፣ በቲዩበረስ ስክለሮሲስ የሚመረጠው ቪጋባትሪን የተባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው።